የዛገ የፍሬን ቱቦ፦ አትቀጥሉት፣ ሙሉውን ቀይሩት

"ፍሬን በጠሰ" ሲባል ሁላችንም ሰምተን እናውቃለን፣ ግን ምኑ ነው የተበጠሰው ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም። እኔም አልጠይቅም ነበር የራሴ መኪና እስክትበጥስ። አምና ክረምት ላይ እናቴን ይዤ ከአሰላ ወደ አዳማ ስመለስ ዴራ ከመድረሴ በፊት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ልያዝ ስል ፔዳሉ ቀጥ ብሎ ወለል ጋር ደረሰ፣ እግሬ ስር ምንም የለም። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ በሞተር ያዝኳት፣ ፔዳሉን ደጋግሜ ስረግጠው የፊቶቹ ትንሽ ያዙልኝ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩና ዳር ላይ ቆመች። እናቴ ከኋላ ሆና ምንም አላለችኝም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዝም ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ወርጄ ስር ስገባ ከዲፈረንሻሉ (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያዞረው የማርሽ ሳጥን) በላይ የሚያልፈው ቱቦ ረጥቧል፣ ዘይቱ ጎማው ውስጠኛ ላይ ሁሉ ተረጭቷል። እጄን ሰድጄ ስነካው ቱቦው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረከሰ። ከዛ አለፍ ብሎ ደግሞ መሀል ላይ ሌላ ቁራጭ ተቀጥሎበታል፣ ቢጫ ነው፣ የፍሪጅ ኩፐር። ከሶስት አመት በፊት አንድ ጋራዥ "የፍሬን ቱቦ ቀይረናል" ብለው ገንዘብ ተቀብለውኛል፣ ለካ የፈነዳችውን አንድ ስንዝር ቆርጠው ቀጥለው ነው የሰደዱኝ፣ የቀረው ያው የድሮው ዝገት ነው። እኔ በዛ መኪና ልጆች ትምህርት ቤት አመላልሻለሁ። ለዛ ነው ይሄንን የምፅፈው፣ መካኒክነት ስራዬ አይደለም ግን ከዛ በኋላ ቱቦውን ከፊት እስከ ኋላ በራሴ እጅ ቀይሬዋለሁ፣ የሁለት ጓደኞቼንም አብሬ ሰርቻለሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚዝግ። ፔዳሉን ስትረግጡ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው የፍሬን ቱቦ ከስስ ብረት ነው የሚሰራው፣ አብዛኛው የቤት መኪና ላይ ያለው ውፍረቱ 4.75 ሚሊ ነው፣ ሱቅ ስትሄዱ 3/16 ይሉታል፣ ግድግዳው ደግሞ 0.7 ሚሊ ብቻ ነው። አንድ ሚሊ እንኳን የማይሞላ ብረት ነው የእናንተን ህይወት የያዘው። ከላይ የተቀባው ነገር በጠጠር ተፍቆ ካለቀ በኋላ ውሃና ጭቃ በቀላሉ ይበላዋል። አዳማ ላይ ዝናብ ሲጥል ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ታውቃላችሁ፣ በዛ ውስጥ አልፎ የሄደ መኪና ጭቃውን ተሸክሞ ነው የሚውለው፣ በጋ ሲሆን ደግሞ አቧራው እዛው ላይ ይጋገራል። የጅቡቲን መስመር የሚሰራማ የባሰ ነው፣ የአፍዴራ ጨው ከሚጭኑት ጋር ነው የሚውለው፣ መተሐራ ጋርም የበሰቃን ጨዋማ ውሃ ዳር ዳሩን ያልፋል። ከአውሮፓ ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ እዛ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፣ ስለዚህ ቀለሙ እያበራ ስሩ ያለቀ መኪና ሊሆን ይችላል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ቱቦው የሚያልቀው ከሚታየው ቦታ አይደለም። የሚያልቀው ክሊፕ የያዘው ቦታ ላይ ነው፣ ክሊፑና ቱቦው መሀል ጭቃ ገብቶ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ። ከዛ ደግሞ ከነዳጅ ታንከሩ በላይና ከኋላ ዲፈረንሻሉ በላይ ያለው፣ አይን የማይደርስበት። ስትፈትሹ የቱቦውን የላይኛውን ጎን በጣት ዳብሱ፣ ከስር ያለው ንፁህ ሆኖ ከላይ የተበላ ብዙ አለ። በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ ቀይ ዱቄት ብቻ ከሆነና ስሩ ልሙጥ ከሆነ ገና ነው፣ ጥፍራችሁን ስታስኬዱበት ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው ግን በቃ አልቋል፣ አንድ ቦታ ላይ እንደዛ ከሆነ ሌላው ቦታም እየመጣ ነው። እኛ ጋር አንድ ጥሩ ምልክት አለ፣ አቧራው። ቱቦው ደረቅ ከሆነ አቧራው ሲነኩት ይበናል፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ካለ ግን አቧራው እዛ ላይ ጠቁሮ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። የፍሬን ዘይት ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ የሚጎድልባችሁ ከሆነ ደግሞ እየጨመሩ መሄድ መፍትሄ አይደለም፣ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው።

አሁን ስለ ቅጠላው። ጎማ ስታስነፉ 30 ምናምን ነው የምትሉት አይደል፣ ፍሬን በደንብ ሲረገጥ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በዛው መለኪያ ከ1000 በላይ ይሄዳል። ላስቲክ ሰክቶ በክላምፕ ማሰር ለዚህ የሚሆን አይደለም፣ ቆሞ ሲሞከር ይይዛል፣ ሰው ፊታችሁ ዘሎ ሲገባና በድንጋጤ ስትረግጡት ያኔ ይወልቃል። የፍሪጅ ኩፐርም እንደዚሁ ነው። ለመጠምዘዝ ስለሚመች ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ግን ንፁህ ኩፐር በመኪና ንዝረት እየጠነከረ ይሄድና ይሰነጠቃል፣ የምትሰነጠቀውም አፉ ጋር ዳዶው (ቱቦውን የሚያስረው ባለ ጥርስ ብረት) ስር ነው፣ አትታይም። ሌላ ያየሁት ደግሞ ወደ አንዱ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ሲፈነዳ አጥፈው ቀጥቅጠው ይደፍኑና በሶስት ጎማ ፍሬን የሚነዱ አሉ፣ ረግጠው ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባቸዋል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ይሄ ማለት መዞር ማለት ነው። እባካችሁ ይሄንን የሚያደርግ ዘመድ ካላችሁ ንገሩት።

የሚገዛው እንግዲህ ሁለት አይነት ነው። አንዱ ለፍሬን ተብሎ የተሰራ የብረት ቱቦ፣ ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ለእጅ ያስቸግራል፣ አፉን ለማስፋትም ጉልበት ይጠይቃል። ሌላው ኩፐር ኒኬል የሚባለው ነው፣ ወደ 90 ፐርሰንት ኩፐር 10 ፐርሰንት ኒኬል፣ ከፍሪጁ ኩፐር ጋር እንዳታምታቱት፣ ይሄ ለፍሬን የተሰራ ነው፣ ቮልቮ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ መኪኖቹ ላይ ሲያስገባው ኖሯል። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል፣ አፉም በቀላሉ ይሰፋል። ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ ትንሽ ቢወደድም። ጥቅልሉ ላይ ወይ ማሸጊያው ላይ ለፍሬን መሆኑ የተፃፈበትን ብቻ ግዙ፣ ባለሱቁ "ወንድሜ ይሄም ያው ነው" ቢላችሁ ያው አይደለም። ስትሄዱ አሮጌውን ቱቦ ከነዳዶው ይዛችሁ ሂዱ፣ ዳዶው ጥርሱ መግጠም አለበት። ቶዮታ ላይ ባለ 10 ሚሊ ጥርስ ሆኖ እርምጃው (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው) 1 ሚሊ የሆነ ነው በብዛት የሚገኘው፣ እናንተ ግን በአይን አትመኑ፣ ሱቁ ላይ እዛው አሮጌው የገባበት ነገር ውስጥ በእጃችሁ አስገብታችሁ ሞክሩት።

ሁለተኛ ልታውቁት የሚገባው የአፉ አይነት። እንደ ቶዮታ ኒሳን ማዝዳ ያሉ የጃፓን መኪኖች ላይ ያለው ደብል ፍሌር ነው፣ የቱቦው አፍ ተመልሶ ወደ ውስጥ ታጥፎ ድርብ ሆኖ እንደ መለከት የተከፈተ። ቮልስና ብዙዎቹ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ያለው ደግሞ አፉ እንደ እንጉዳይ ክብ ሆኖ ያበጠ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ አታስገቡ፣ ቢጠብቅም አይዘጋም። የፍሪጅ ሰራተኞች ያላቸው መሳሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጠላ ፍሌር ብቻ የሚሰራ ነው፣ ነጠላው ለፍሬን አይሆንም፣ ይሰነጠቃል። መሳሪያውን ስትዋሱ ወይ ስትገዙ ትናንሽ መሀላቸው ሾል ያለ ክብ ብረቶች አብረውት መኖራቸውን እዩ፣ ደብል ፍሌር የምትሰሩት በነሱ ነው፣ 3/16 የተፃፈባት መኖር አለባት።

ከዛ ውጪ የሚያስፈልገው፦ አፉ የተከፈተ ቀለበት የሚመስል 10 ቁጥር የቱቦ ቁልፍ (በተራ ክፍት ቁልፍ አትሞክሩት፣ ዳዶውን ልሙጥ ያደርገዋል)፣ ትንሿ የቱቦ መቁረጫ፣ ደብልዩ ዲ 40 ወይ ሌላ የዝገት ማለስለሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ግሪፕ ፒንሳ፣ ክሪክና ሁለት ጠንካራ የብረት ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚደገፍበት እግር)፣ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ጥርት ያለ ላስቲክ አንድ ክንድ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንድ ሊትር ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት። መነፅር ካላችሁም አድርጉ፣ ተኝታችሁ ወደ ላይ እያያችሁ ነው የምትሰሩት፣ ዝገቱም ዘይቱም አይን ውስጥ ነው የሚገባው።

ማታውኑ ዳዶዎቹን በሽቦ ብሩሽ ጥረጓቸውና ማለስለሻውን ንፉባቸው፣ ጠዋት ድገሟቸው። ይሄ ማታ የምታጠፏት አስር ደቂቃ ጠዋት ሁለት ሰአት ታተርፋለች። መኪናዋን ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ የኋላውን የምትሰሩ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማ ስለሆነ እሱን አትመኑ፣ የፊት ጎማዎች ላይ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። በክሪክ አንስታችሁ ካቫሌቶ ላይ አስቀምጡ፣ ከዛ መኪናዋን ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ካልተነቃነቀች ብቻ ግቡ። ክሪክ ብቻ አምኖ መኪና ስር አይገባም። ብሎኬትም አትጠቀሙ፣ ብሎኬት ሳይናገር ነው የሚፈርሰው።

ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ቱቦው የሚያልፍበትን ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ከየት ወደ የት እንደሚታጠፍ፣ ክሊፖቹ የት እንዳሉ። ከፈታችሁት በኋላ ሁሉም ነገር ይመሳሰልባችኋል።

ዳዶው ሲፈታ ቱቦው አብሮት የሚዞር ከሆነ ተጣብቀዋል ማለት ነው፣ አትታገሉት፣ ቱቦውን ዳዶው ስር በመቁረጫ ቁረጡትና በስድስት ጎን 10 ቡሶላ ዳዶውን ፍቱት፣ ቱቦው መጣሉ ስለማይቀር ምንም አትጎዱም። ልሙጥ ከሆነባችሁ ግሪፕ ፒንሳ። በእሳት ማሞቅ የሚባለውን ግን ተዉት፣ የፍሬን ዘይት ይነዳል፣ አጠገቡ ላስቲክ አለ፣ ነዳጅ ታንከሩም እዛው ነው። ፍሌክሲብል ላስቲኩ (የሚተጣጠፈው የፍሬን ላስቲክ) ጋር የሚገናኘውን ስትፈቱ ደግሞ በሁለት ቁልፍ ነው፣ በአንዱ ላስቲኩን ትይዙታላችሁ በሌላው ትፈታላችሁ፣ ካልሆነ ላስቲኩ ይጠመዘዛል። እግረ መንገዳችሁን ያንን ላስቲክ እጠፍ አድርጋችሁ እዩት፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ከሆነ አብሮ ይቀየር፣ ነገ ለሱ ብላችሁ ድጋሚ ልትፈቱት ነው።

ቱቦው ሲከፈት ዘይቱ ዝም ብሎ ይፈሳል፣ ላይኛው የዘይት ማጠራቀሚያ ባዶ ሆኖ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ውስጥ ኤር ከገባ ስራው እጥፍ ይሆንባችኋል። አንድ ዘዴ አለ፣ ጎማው ጋር ያለችውን የኤር ማስወጫ ብሎን ከፍታችሁ ፔዳሉን ሁለት ሶስት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉና በእንጨት ደግፉት፣ ወንበሩን ተደግፎ ይቆማል፣ ከዛ ብሎኗን መልሱ። ማስተሩ ውስጥ ያለችው ቀዳዳ ስለምትዘጋ ዘይቱ ይቆማል። የሚንጠባጠበው ቀለም ላይ እንዳያርፍ፣ የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል፣ ካረፈ ወዲያው በውሃ እጠቡት፣ በጨርቅ ከማሸት ውሃው ይሻላል።

አሮጌውን ሳይሰበር ለማውጣት ሞክሩ፣ እሱ ናሙናችሁ ነው። ከተሰባበረ ደግሞ በሲባጎ መንገዱን ተከትላችሁ ለኩ፣ ከዛ አራት አምስት ሳንቲም ጨምሩበት። ቱቦ አጠረ ማለት ድጋሚ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። አዲሱን ቱቦ በመቁረጫዋ ነው የምትቆርጡት፣ በሴጌቶ አይደለም፣ ሴጌቶ አፉን ሰያፍ ያደርገዋል ብናኙም ውስጥ ይገባል። መቁረጫዋን አንድ ዙር ባዞራችሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ነው የምታጠብቋት፣ ካጣደፋችኋት አፉ ወደ ውስጥ ይጠባል። ከቆረጣችሁ በኋላ የውስጡን ስለት በትንሽ ቢላ ወይ መቁረጫዋ ላይ ባለችው ሹል ፋቁት፣ ከውጪም በሞረድ ነካ ነካ አድርጉት፣ ከዛ በአፍ ወይ በኮምፕሬሰር እፍ በሉበት።

ከዛ ዳዶውን አስገቡ። አሁኑኑ፣ ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት፣ ፊቱም ጥርሱ ወደ አፉ መሆኑን እዩ። አፉ ከሰፋ በኋላ ዳዶ አይገባም፣ እኔ የመጀመሪያዋን ቱቦ በዚህ ምክንያት ነው ድጋሚ የቆረጥኳት፣ የኔን አትድገሙት።

ቱቦውን መያዣው ብረት ላይ 3/16 የሚለው ቀዳዳ ውስጥ አድርጉ። ስንት ሚሊ ወጥቶ ይቁም የሚለው ነው ሚስጥሩ፦ ያቺን ሾል ያለች ክብ ብረት ጎኗን አስጠግታችሁ ለኩ፣ የጠርዟን ውፍረት ያህል ነው የሚወጣው፣ በጣም ከበዛ አፉ ይጣመማል ካነሰ ደግሞ አይታጠፍም። መያዣውን በደንብ አጥብቁ፣ ሞርሳ ካላችሁ ሞርሳ ላይ እሰሩት። አፉ ላይ አንዲት ጠብታ የፍሬን ዘይት አድርጉ፣ ክቧን ብረት ሾሏን ወደ ቱቦው ውስጥ አስገቡ፣ ከላይ መጫኛውን አምጥታችሁ መያዣውን እስክትነካ ድረስ አጥብቁ። ስትፈቱት የቱቦው አፍ እንደ እንጉዳይ አብጦ ታገኙታላችሁ፣ ይሄ ግማሹ ነው። አሁን ክቧን ብረት አውጡና ሾጣጣውን ራሱን በቀጥታ አስገብታችሁ አጥብቁ፣ ያበጠው ወደ ውስጥ ይታጠፍና ድርብ ይሆናል። ጉልበታችሁን አትጨርሱበት፣ ሲሞላ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ ከዛ በላይ ከሄዳችሁ ይሳሳል።

አውጥታችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ክቡ መሀል ላይ መሆን አለበት፣ ዙሪያውን እኩል፣ ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ እንኳን ካለች ቆርጣችሁ ጣሉትና ድገሙት። እኔ መጀመሪያ በትርፍራፊ ቱቦ ሰባት ጊዜ ተለማምጃለሁ፣ አራተኛው ድረስ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያጋደሉ ነበሩ፣ አምስተኛው ላይ እጄ ገባው። አንድ ሜትር ለልምምድ ጨምራችሁ ግዙ፣ አትሰስቱ።

ማጠፉ ላይ የሚጠበቅባችሁ እንዳይሰበር ነው፣ አንዴ ጎብጦ የጠፈጠፈ ቱቦ ተመልሶ ቢቃናም አይታመንም። መታጠፊያ መሳሪያ ከሌላችሁ ለሰፊው የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሆድ፣ ለጠባቡ ትልቅ ቡሶላ ላይ ቀስ እያላችሁ በአውራ ጣት ገፋ ገፋ አድርጉ። ከአፉ ሶስት አራት ሳንቲም ያህል ቀጥ ብሎ ይቆይ፣ ካልሆነ ዳዶው አይንቀሳቀስም። አቀማመጡ የድሮው መንገድ ላይ ይሁን፣ ፋብሪካው ያንን መንገድ ዝም ብሎ አልመረጠውም፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ጋር አታስጠጉት፣ ከሚንቀሳቀስ ነገርም አርቁት። ክሊፖቹ ስር ላስቲክ አድርጉ፣ ብረት ብረትን ከነካ በንዝረት ይፋቃል።

ስትገጥሙ ሁለቱንም ጫፍ ዳዶዎች መጀመሪያ በእጅ ሶስት አራት ዙር አስገቧቸው፣ ክሊፕ ሳትነኩ፣ ቁልፍ ሳትይዙ። በእጅ ካልገባ ሰያፍ ሄዷል፣ በቁልፍ ካስገደዳችሁት የማስተሩን ጥርስ ነው የምትበሉት። ሁሉም ከገባ በኋላ አጥብቁ፣ ቶዮታ ለዚህ ዳዶ የሚሰጠው ልክ 15 ኒውተን ሜትር ነው፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ጠበቅ፣ ከነሙሉ ሰውነት የሚሳብ አይደለም። ቴፍሎን መጠቅለል ሲሊኮን መቀባት የሚባል ነገር የለም፣ የሚዘጋው ጥርሱ አይደለም አፉ ነው፣ የቴፍሎኑ ቁራጭ ውስጥ ገብቶ መንገድ ነው የሚዘጋባችሁ። ካንጠባጠበ ላላ ጠበቅ፣ ላላ ጠበቅ ሁለት ሶስቴ አድርጉት፣ አፉ ቦታውን ይይዛል፣ ከዛም ካልቆመ ፍሌሩ ተበላሽቷል።

ዘይቱ። ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተፃፈውን ተከተሉ፣ አሮጌ መኪና ላይ በብዛት ዶት 3 ነው፣ ዶት 4ም ይሆናል፣ ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ስለሆነ አትደባልቁት (5.1 ሌላ ነው)። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይጠጣል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ እንደ አሰላ ያለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የከረመ ዘይት አይሆንም። የሞተር ዘይት መጨመርማ ጭራሽ አይታሰብ፣ ጎሚኒዎቹን (ውስጥ ዘይቱን የሚይዙትን ላስቲኮች) ሁሉ ያሳብጣቸዋል፣ ከዛ ከማስተር ጀምሮ ሁሉንም ነው የምትቀይሩት።

ኤር ማስወጣቱ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የኛ መኪኖች መሪያቸው ግራ ስለሆነ ማስተሩም ግራ ነው፣ ከሩቁ ትጀምራላችሁ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። አንዳንድ መኪና ላይ ቅደም ተከተሉ ይለያል፣ ማንዋል ካላችሁ እሱን እመኑ። ላስቲኩን ኤር ማስወጫዋ ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ዘይት አድርጋችሁ ንከሩት። እኔ ታናሽ እህቴን ነው የማስቀምጣት። "ርገጪ… ርገጪ… ርገጪ… ያዢው!" እላለሁ፣ "ያዝኩት" ትላለች፣ ሩብ ዙር ስከፍት እግሯ ይወርዳል፣ ላስቲኩ ውስጥ አረፋው ሲሄድ ይታያል፣ እዘጋለሁ፣ "ልቀቂ"። ከመዝጋቴ በፊት ከለቀቀች ኤሩ ተመልሶ ይገባል፣ ስለዚህ ሳትሰማኝ እንዳትለቅ አስቀድሜ እነግራታለሁ። አዲስ ቱቦ ባዶ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ትደጋግማላችሁ፣ አረፋ የሌለው ጥርት ያለ ዘይት እስኪመጣ፣ በየአምስት ስድስት ርግጫው ደግሞ ማጠራቀሚያውን ሙሉ፣ አንዴ ባዶ ከሆነ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

አሮጌ መኪና ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከፔዳሉ ስር አንድ የእንጨት ቁራጭ አድርጉ፣ እስከ ወለሉ እንዳይወርድ። በአዘቦት ቀን ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው፣ የማስተሩ የውስጠኛው ጫፍ ለአመታት ሳይነካ ዝጎ ተቀምጧል፣ እስከ ታች ስትረግጡት ጎሚኒው እዛ ዝገት ላይ ሄዶ ይቀደዳል፣ ከዛ ቱቦ ቀይሬ ማስተሩ ሞተ ትላላችሁ። ፒክአፕና ሚኒባስ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ጭነቱን እያየ ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ ሊኖረው ይችላል፣ በዘንግ ከዲፈረንሻሉ ጋር የተያያዘ፣ እሱም ላይ ኤር ማስወጫ ካለች አትርሷት፣ የዘንጉንም ልክ አትንኩ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለው መኪና ላይ የኤቢኤሱን ሳጥን ቱቦዎች ከፈታችሁ አንዳንዱ ኤሩ ያለ ኮምፒውተር ስለማይወጣ እሱን ማሽን ላለው ሰው ስጡ።

ሲያልቅ ፔዳሉ ከላይ ጠንከር ብሎ መያዝ አለበት፣ እንደ ስፖንጅ የሚል ከሆነ ገና ኤር አለ። ሞተር ሲነሳ ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፣ ሰርቮው (ፔዳሉን የሚያግዘው) ነው። ሞተሩ እየሰራ አንድ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ አንድ ደቂቃ ይያዝ፣ ፔዳሉ ቀስ እያለ መውረድ የለበትም፣ እናንተ ደግሞ ከታች እያንዳንዱን ዳዶ በደረቅ ሶፍት ጥረጉ። ዘይቱ በአይን ባይታይም ሶፍት ላይ ይታያል። ከዛ ግቢ ውስጥ በእግር እርምጃ ፍጥነት፣ ከዛ ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ በ20 በ30 እየነዳችሁ ያዙ፣ ወደ አንድ ጎን የምትስብ ከሆነ በአንዱ ጎማ ኤር ቀርቷል። የወጣውን አሮጌ ዘይት መልሳችሁ አትጠቀሙበት፣ ልጆች የማይደርሱበት ጠርሙስ ውስጥ ዝጉት፣ መርዝ ነው፣ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥም አትድፉት።

እኔ በማግስቱ ጠዋት አንዴ፣ በሳምንቱ አንዴ ሶፍቴን ይዤ ገብቻለሁ። በሳምንቱ ማስተሩ ስር ያለችው አንዷ ዳዶ ላይ ትንሽ እርጥበት አገኘሁና ላላ ጠበቅ አደረግኳት፣ ሶስት ቀን ቆይቼ ሳያት ደረቅ ናት። ቁልቁለት የሄድኩት ከዛ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ብቻዬን ዴራ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ፣ በሚቀጥለው እሁድ ነው እናቴን ይዣት የወጣሁት።